ሲግናሉ ሙሉ፣ ፎቶው አይሄድም፦ የጥምቀተ ባሕሩ ታወር ጉዳይ

ጥምቀትን ጎንደር ያከበረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሲግናሉ ሙሉ ነው። 4ጂ ይላል። ዳታ በርቷል፣ ፓኬጁም አላለቀም። ፎቶው ግን እየዞረ እየዞረ ይቀራል። ሲደውሉ አንዴ ይጠራል፣ አንዴ ዝም ይላል። ከዚያ ሁላችንም «ኔትወርኩ ሞቷል» እንላለን። ኔትወርኩ ግን አልሞተም። እንዲያውም ታወሮቹ ያን ቀን የሚሠሩትን ያህል ዓመቱን ሙሉ አይሠሩም።

ይህ የአንድ ጥምቀት ታሪክ ነው። ከበዓሉ በፊት በፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ ያለ አንድ ታወር ተሻሻለ። እኛ ማሻሻያውን ከመጀመሪያው ተከታተልነው፤ ከዚያም ጥር 10፣ 11 እና 12 ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ መዘገብን። እኛ ማለት ፒያሳ ሞባይል የሚጠግን ጓደኛዬ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ አንዲት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪና እኔ ነን። ማናችንም ቴሌኮም ቤት አንሠራም። ታወር መከታተል እንወዳለን፣ በቃ። የኦፕሬተሩን ስም አልጽፍም፤ ለጉዳዩም አያስፈልግም። ኢትዮጵያ አሁን ሁለት ኦፕሬተር አላት፣ በመለያ ቁጥር 636 01 እና 636 02፤ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር በሁለቱም ላይ እኩል ይሠራል።

መጀመሪያ ቦታውን ላስይዛችሁ። ጥምቀተ ባሕሩ ቀሃ ወንዝ አጠገብ፣ ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ነው። ዙሪያው በግንብ ታጥሯል። በቁስቋም በኩል ተራራ አለ፣ በፒያሳ በኩልም መሬቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ በዙሪያው ከፍታ ላይ የቆሙ ታወሮች ሁሉ ወደዚያ ሜዳ ቁልቁል ያያሉ። በአዘቦት ቀን ይህ ጥሩ ነገር ነው፣ ሲግናል አይጠፋም። በከተራ ታቦታቱ ወርደው እዚያ ያድራሉ፣ ንጋት ላይ ውኃው ይባረካል፣ ከዚያ ወጣቱ ይዘላል። በዓሉ በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ከከተማው፣ ከገጠሩና ከውጭ የመጣ ሕዝብ ሁሉ በዚያች ጠባብ ቦታ ይታጨቃል። ሁሉም ስልክ ይዟል።

ጉዳዩ የፎቶ ብቻ አይደለም። ያን ቀን ልጅ ይጠፋል፣ እናት በስልክ ትፈልጋለች። ሰው ሲወድቅ የቀይ መስቀል ልጆች ይጠራሉ። ባጃጅ በሞባይል ገንዘብ ይከፈላል። ውጭ ሀገር ያለችው እህት ቤተሰቧን በላይቭ ታያለች፤ ጥምቀትን ለብዙ ዓመት ያላየች ናት። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያንገበግበን።

ማሻሻያውን እንዴት አወቅነው

ታወር ሲሻሻል ማንም አይነግራችሁም። ስልካችሁ ግን ይናገራል። አንድሮይድ ላይ *#*#4636#*#* ብትጽፉ የተወሰነ መረጃ ይወጣል፣ አይፎን ላይ ደግሞ *3001#12345#* አለ። እኛ በብዛት የምንጠቀመው ኔትሞንስተርና ሴልማፐር የሚባሉትን መተግበሪያዎች ነው። ስልኩ ከየትኛው ሴል ጋር እንደተያያዘ (ሴል ማለት ታወሩ ወደ አንድ አቅጣጫ በአንድ ባንድ የሚሸፍነው ክፍል ነው)፣ በየትኛው ባንድ ማለትም የፍሪኩዌንሲ መደብ እንደሆነ፣ ሲግናሉ በቁጥር ስንት እንደሆነ ያሳያሉ። ይህን ለማንበብ ዳታ አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከእኛ አንዳንዶቹ በዚህ ነገር የተጠመዱትም ለዚህ ነው፤ ዳታ የለም፣ ታወሩ ግን ማውራቱን አላቆመም ነበር። ሲግናልና ኢንተርኔት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያኔ በደንብ ለየነው።

በ4ጂ እያንዳንዱ ሴል አንድ ረጅም መለያ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ለ256 ስታካፍሉት ሙሉው ቁጥር የታወሩ መለያ ይሆናል፣ ቀሪው ደግሞ የሴሉ። ለስሌት ያህል፣ ሴሉ 2560003 ቢሆን ታወሩ 10000፣ ሴሉ ደግሞ 3 ነው። ይህች ስሌት ቀላል ናት፣ ግን ብዙ ታሳያለች። አዲስ የታወር ቁጥር ከመጣ አዲስ ታወር ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል። የታወሩ ቁጥር ያው ሆኖ አዲስ ሴል ከተጨመረ ግን በነባሩ ታወር ላይ አዲስ ሬዲዮ ሳይሰቀል አይቀርም።

ገና ሲቃረብ ተማሪዋ ያየችው ሁለተኛውን ነው። በጥምቀተ ባሕሩ በኩል የሚያየው ታወር ከዚያ በፊት የነበረው በ1800 ሜጋኸርዝ ሦስት ሴል ብቻ ነበር፣ በየአቅጣጫው አንድ። አሁን በ2100 ሌላ ሦስት ጨመረ። መተግበሪያው ላይ የቻናሉ ቁጥር ከ1200 እስከ 1949 ባለው ውስጥ ከሆነ 1800 ነው፣ ከ0 እስከ 599 ከሆነ 2100። ስለዚህ መገመት አላስፈለጋትም።

ባጃጅ ያለው ጓደኛችን በዚያ መስመር ስለሚመላለስ ስልኩን ከፊት መስታወቱ ሥር አድርጎ መንገዱን ሙሉ መዘገበ። አዲሱ ባንድ የት ይጀምራል፣ የት ይጠፋል፣ የቱ ሴል ወደየት ያያል የሚለውን ያገኘነው ከእሱ ነው። ታወሩ አጠገብ ስንደርስ ጥበቃውን ሰላም አልናቸው። «አባቴ፣ ሥራ በዝቶባችሁ ሰነበተ መሰል?» አልናቸው። «እኔ ምን አውቃለሁ ልጆቼ፣ ትልልቅ ሳጥን ሲሰቅሉ ነው የሰነበቱ» አሉን። ይህ በቂ ነበር። ፎቶ አላነሳንም። ይህን ሥራ መጀመር የምትፈልጉ ሁሉ ይህን ያዙልኝ፦ የታወር ፎቶ አታንሱ፣ አጥር አትጠጉ፣ ከጥበቃ ጋር ክርክር አትግጠሙ። የሚያስፈልጋችሁ ሁሉ ስልካችሁ ላይ አለ፣ ከመንገድ ላይም ይነበባል።

ከበዓሉ በፊት ያለው መዝገብ

ብዙ ሰው የሚለካው ኔትወርክ ሲያስመርረው ነው። ያ ብቻውን ምንም አያሳይም። እኛ ከበዓሉ በፊት በተራ ቀን፣ በጠዋትም በማታም፣ ግንቡ ዙሪያ ተመሳሳይ ቦታዎች ላይ ቆመን ለካን። ከበሩ፣ ከዋርካዎቹ ሥር፣ ከመንገዱ ዳር። በኋላ መልሱን የሰጠን ይህ አሰልቺ መዝገብ ነው።

ሦስት ቁጥሮችን እናያለን። አርኤስአርፒ ከታወሩ ስልካችሁ ጋ የሚደርሰው ጉልበት ነው፦ −80 ዲቢኤም ጥሩ ነው፣ −110 ደካማ ነው። ስልካችሁ ላይ የምታዩት የሲግናል መስመር (ባር) በብዛት ከዚህ የተሠራ ነው። አርኤስአርኪው ደግሞ ከምትሰሙት ሬዲዮ ሁሉ ውስጥ የእናንተ ሴል ድርሻ ስንት እንደሆነ ይናገራል። በአንድ አንቴና ስሌት፣ ጎረቤት ሴል ባይረብሽ፣ ባዶ ሴል ላይ −3 አካባቢ ነው፣ ሴሉ ሙሉ በሙሉ ሲጠመድ ወደ −11 ይወርዳል። ከዚያ በጣም ከወረደ ጎረቤት ታወሮችም ጣልቃ ገብተዋል። ሦስተኛው ኤስአይኤንአር ነው፤ የሚፈለገው ድምፅ ከረብሻው በስንት እንደሚበልጥ ያሳያል። ከ20 በላይ ደስ ይላል፣ ወደ 0 ሲጠጋ መከራ ነው።

በተራ ቀን ግንቡ አጠገብ አርኤስአርፒ −80 አካባቢ ነበር፣ አርኤስአርኪው −8 ገደማ፣ ኤስአይኤንአር ከ10 በላይ። ፍጥነቱም የሚያኮራ ነበር። በአዲሱ በ2100 ደግሞ የተሻለ፣ ገና ማንም አልገባበትማ።

ከተራ እና ንጋቱ

ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ሲወርዱ ገና ነገሩ ደህና ነበር። ሲመሽ መክበድ ጀመረ። ዋናው የመጣው ንጋት ላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ሜዳውን ሞልቷል፣ ቅዳሴው ይሰማል፣ ስልክ ሁሉ ወደ ላይ ተነሥቷል።

አርኤስአርፒ −80 አካባቢ። ያው። አልተነቃነቀም።

አርኤስአርኪው ግን ከ−15 በታች ወረደ። ኤስአይኤንአር ዜሮ አካባቢ ይዋልል ነበር፣ አንዳንዴም ከዜሮ በታች። ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ፎቶው የማይሄደው ለዚህ ነው። ባሩ የሚቆጥረው ጉልበት ነው፣ መጨናነቅን አይቆጥርም።

የፍጥነት መለኪያ ግን በዚያ ሰዓት አልከፈትንም፣ ሆን ብለን። የፍጥነት ሙከራ ያገኘውን አቅም ሁሉ ጠጥቶ ነው የሚለካው። ልጁን በሚፈልግ ሰው ላይ ያን ማድረግ ነውር ነው። አንድ ትንሽ ፎቶ ለራሳችን መላክና የወሰደውን ጊዜ መጻፍ ይበቃናል። አንዲት እናት አጠገቤ ቆመው ስልኬን አዩና «ልጄ፣ ታቦት ቆሞ ስልክ ታያለህ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ጸሎቱ እስኪያልቅ ኪሴ ከተትሁት። መተግበሪያው ኪስ ውስጥ ሆኖም ይመዘግባል።

ለምን አፕሎዱ ቀድሞ ወደቀ

ታወር በአስር ዋት የሚቆጠር ኃይል አለው። ስልካችሁ ከፍተኛው 0.2 ዋት ነው። ቄሱ በድምፅ ማጉያ ሲሰብኩ ሜዳው ሁሉ ይሰማል፤ ሜዳው ሁሉ በአንድ ላይ መልስ ልስጥ ቢል ግን ማንም ማንንም አይሰማም። ስልኩ ላይ የምታዩት ሲግናል የማጉያው ድምፅ ነው። የእናንተ ድምፅ ታወሩ ጋ እንዴት እንደደረሰ ባሩ አይነግራችሁም።

አሁን ስሌት ላሳያችሁ። አንድ የ4ጂ ሴል ሙሉ 20 ሜጋኸርዝ ቢሰጠው፣ በተለመደው አሠራር ወደ ስልክ የሚያወርደው ከፍተኛው 150 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው። ከስልክ ወደ ታወር የሚቀበለው ግን 50 ገደማ ነው። ይህም ለሁሉም ሰው በጋራ ነው፣ ያውም ሁሉም ነገር ሲመቻች። አንድ ደህና ላይቭ ቪዲዮ 2 ሜጋ ቢት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ሃያ አምስት ሰው ላይቭ ከገባ ሴሉ አለቀ። ሃያ አምስት! ሁለተኛ ባንድ ተጨምሮ እጥፍ ቢሆን እንኳ ሃምሳ። በዚያ ሜዳ ስንት ሺህ ስልክ እንደሚነሣ አስቡት።

በዚያ ላይ የሰው ገላ አለ። አብዛኛው ውኃ ነው፣ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ያለውን ሞገድ ይውጣል። በሰው መሃል ኪስ ውስጥ ያለ ስልክና ከራስ በላይ የተነሣ ስልክ አንድ አይደሉም። ዝቅ ያለው ስልክ ታወሩ ጋ ለመድረስ ያለ የሌለ ኃይሉን ይለቃል፣ ያም ለሌላው ረብሻ ይሆናል፣ ባትሪም ይጨርሳል።

ሦስተኛው ነገር የቦታው አቀማመጥ ነው። በየከፍታው ያሉት ታወሮች ሁሉ ወደ ሜዳው ስለሚያዩ፣ ግንቡ ጥግ የቆመ ስልክ ሦስት አራት ሴል በተቀራራቢ ጉልበት ይሰማል። ከሁሉም ይሰማል፣ ከአንዱም በጥራት አይሰማም። ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፣ በእያንዳንዱ ዝላይ ፎቶው ሊቋረጥ ይችላል። ይህን ተጨማሪ ታወር ብቻውን አይፈታውም፤ ራቅ ያሉት ታወሮች አንቴናቸውን ወደ ታች አዘንብለው የየራሳቸውን ሰፈር ብቻ እንዲያዩ ማድረግ ያስፈልጋል።

አዲሱ ባንድ ምን ሲሠራ ነበር?

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የተገለጠው። ንጋቱን ሙሉ ስልኮቻችን በነባሩ 1800 ላይ ተጣብቀው ነበር። አዲሱ 2100 መተግበሪያው ላይ እንደ ጎረቤት ይታያል፣ ማንም ግን አይሄድበትም። ሞባይል የሚጠግነው ጓደኛችን ስልኩን በድብቅ ሜኑው ገብቶ 2100 ላይ ብቻ ቆለፈው። ጉልበቱ ከ1800 ትንሽ ያንሳል። ፎቶው ግን ሄደ! ሌሎቻችን አጠገቡ ቆመን አሁንም እየዞረብን ነበር።

ታወሩ ተሻሽሏል፣ አቅሙ አለ፣ ሕዝቡ ግን ወደዚያ አልተመራም። ስልክ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የትኛውን ባንድ እንደሚመርጥ የሚወስነው ኦፕሬተሩ የሚያሰራጨው የቅድሚያ ቅደም ተከተል ነው። ቅድሚያው እኩል ከሆነ ወይም ለነባሩ ከተሰጠ፣ ስልኩ ጉልበቱ የበረታለትን ይዞ ይቆያል። ዳታ እየተጠቀመ ያለውን ስልክ ወደ ባዶው ባንድ መግፋትም ከኦፕሬተሩ በኩል የሚከፈት ነገር ነው፣ ራሱን ችሎ አይመጣም። አንቴና ሰቅሎ ይህን አለማስተካከል በጣም ያሳዝናል። ወጪው ወጥቷል፣ ሠራተኛው ታወር ላይ ወጥቶ ለፍቷል፣ ሕዝቡ ግን አልተጠቀመም።

ጥር 11 ከሰዓት በኋላ ስልኮቻችን ሳንነካቸው ወደ 2100 መሄድ ጀመሩ። አንዱ፣ ከዚያ ሌላው። በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ግማሾቻችን እዚያ ነበርን። ከኦፕሬተሩ ወገን የሆነ ሰው የሆነ ነገር ለውጧል ብለን ነው የምናምነው። ዳውንሎዱ ወዲያው ተሻሻለ።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ነበረብን። ከሰዓት በኋላ ብዙዎቹ ታቦታት ተመልሰዋል፣ ሕዝቡም ከእነሱ ጋር ሄዷል። ማሻሻያው ነው ወይስ ሕዝቡ መቀነሱ? ይህን የለየልን ጥር 12 ነው። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለስበት ቀን ነው፣ ሕዝብ አለ፣ ግን እንደ ትናንቱ ንጋት አይደለም። ታወሮቹ ያው ናቸው፣ ሰማዩም ያው የጥር ሰማይ ነው። ስልኮቹን በተራ 1800 ላይ እና 2100 ላይ ቆልፈን ለካን። አርኤስአርፒው በሁለቱም ከጥር 11 ንጋት ጋር አንድ ነው። አርኤስአርኪው በ1800 ወደ −10 ተመልሷል። ማለት የንጋቱ ችግር የሲግናል እጥረት አልነበረም፤ ሰው ሲቀንስ ያው ሲግናል በደንብ ሠራ። በ2100 ግን ከዚያም ይሻላል፣ ያውም አሁን ስልኮች ገብተውበት። ሸክሙ ለሁለቱ ባንዶች ተከፋፍሏል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም እውነት ነው፤ ሕዝቡም ቀንሷል፣ ባንዱም ሠርቷል።

አፕሎዱ ግን ግንቡ አጠገብ ከሰዓት በኋላም ይጎትት ነበር። መንገዱ ዳር ጥሩ፣ መሃል ላይ ደካማ። ይህ ከላይ ካለው ስሌት ጋር ይገጥማል። አንድ ትልቅ ሴል ያን ሁሉ ሕዝብ አይችልም። ሜዳውን ለሁለትና ለሦስት የሚከፍሉ ትንንሽ ሴሎች ያስፈልጋሉ፣ ዝቅ ብለው የተተከሉ፣ ወይም ለበዓሉ ብቻ በመኪና የሚመጣ ተንቀሳቃሽ ታወር።

ያደረግነው

አንድ ገጽ ጽፈን ወደ ኦፕሬተሩ ቢሮ ወሰድን። አቤቱታ አላደረግነውም። ሠንጠረዥ፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሴል ቁጥር። ሦስት ነጥብ ብቻ፦ የባንዱን ቅድሚያ ከከተራ በፊት አስተካክሉ፣ ራቅ ያሉትን ታወሮች አንቴና ወደ ታች አዘንብሉ፣ ለሜዳው ትንንሽ ሴል አስቡ። የተቀበለን ባለሙያ ቆሞ አነበበው፣ ሁለት ጥያቄ ጠየቀን፣ ጥያቄዎቹም የሚያውቅ ሰው ጥያቄዎች ነበሩ። የጽሑፍ መልስ አልመጣም። 2100 ግን አልጠፋም፤ ከበዓሉ በኋላም በርቶ ቀረ፣ ስልኮችም አሁን ራሳቸው ይገቡበታል። በዚያ ሰፈር የሚኖሩ ልጆች ማታ ማታ ፍጥነቱ እንደተሻሻለ ነግረውናል፣ መዝገባችንም ይህንኑ ያሳያል።

እስከዚያው በበዓሉ ቀን ምን ይሻላል ለምትሉ፦ ቪዲዮውን ቅረጹና ፒያሳ ወጥታችሁ ላኩት። ሰው ከጠፋባችሁ ጽሑፍ መልእክት ላኩ፣ ጥሪ ሳይሳካ እሱ ይደርሳል፤ በጣም ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። ለገንዘብም መተግበሪያው ከሚጨናነቅ በኮከብና በመሰላል የሚከፈተውን ኮድ ሞክሩ፤ እሱ በዳታ መስመር አይሄድም። ስልኩን ከራስ በላይ አንሡት፣ ከዚያም ወደ ግንቡ ውጭ ጥቂት እርምጃ ውጡ። ከሁሉ በፊት ግን ከልጆቻችሁ ጋር የምትገናኙበትን ቦታ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ።

ለመጪው ከተራ ተማሪዋ ጓደኞቿን አስተባብራ ግንቡን በአራቱም ማዕዘን ልትይዝ ነው፣ ስልክ ከታወሩ ያለውን ርቀት በሚያሳየው መለኪያ። 4ጂ ላይ የዚህ መለኪያ አንዱ ደረጃ 78 ሜትር ያህል ስለሆነ ስልኩ ከሚነጋገረው ታወር ምን ያህል እንደሚርቅ በግምት ይነግራል። ሁሉም ስልክ ይህን አያሳይም፤ ጠጋኙ ጓደኛችን የሚያሳዩትን እየለየ ነው። ባጃጁ ደግሞ ታወሮቹን ከአሁኑ መዞር ጀምሯል፣ ገና ሳይደርስ አዲስ ሴል ከታየ ወዲያው እንድናውቅ።